የወርቅ ቅብ ወንበሮቹ ላይ የተቀመጡት

እስክንድርያ፣ ጥር 9 ቀን

ልጄ ነርሚን፣ አላህ በሰው አገር ክፉ አያሳይሽ። ጉልበቴ ተሽሎኛል።

ትናንት ከባሕሩ በኩል ዝናብ ነበር። አጎትሽ ሸውቂ ከአባትሽ ውርስ ድርሻዬን ብሎ፣ አጫራችና ዘጠኝ ገዢዎች ይዞ መጣ። ከቅድመ አያትሽ የወረዱት ስድስቱ የወርቅ ቅብ ወንበሮች ተሸጡ። "ሁለቱን እንኳ ነርሚንን ለጋብቻ ሊጠይቁ ለሚመጡ ተውልኝ" ብዬ ለመንኩት።

"የነርሚን እናት፣ የሚፈልጋት ቆሞም ይጠይቃል" ብሎ ሳቀብኝ።

ገዢዎቹ ሁልጊዜ የምሸፍንበትን አንሶላ እየገለጡ በየተራ ተቀመጡባቸው። እዚያ የተቀመጠ እንግዳ ሳይጠጣ ወጥቶ አያውቅምና፣ ሳላስበው ለእንግዳ የምናቀርበውን ጣፋጭ የጽጌረዳ ሻርባት በብርጭቆ ቀድቼ ይዤ ገባሁ።

"እመቤት፣ ዋጋ እየጠራን እኮ ነው" አለኝ አጫራቹ።

ከገዢዎቹ አንዲት ሴት ብቻ ብርጭቆ ተቀበለችኝና "ብዙ ሲቀመጡበት ይመቻል?" አለችኝ። አንቺን ስንቴ ከላያቸው አስነሥቻለሁ፤ እኔም ተቀምጬባቸው አላውቅም።

ዛሬ ጠዋት ብርጭቆዎቹን አጠብኩ። ስድስቱን አንሶላዎች አጥፌ ቁም ሳጥን ውስጥ አስገባሁ። ባዶውን ሳሎን ጠርጌ በሩን ዘጋሁት።

አላህ መልካም ሰው ይስጥሽ፣ ቤትሽን ይሙላልሽ። አንድ ነገር ልለምንሽ፦ እዚያ ጥሩ ወንበር ካለሽ አትሸፍኚው፤ ተቀመጪበት።

እናትሽ ኢዕቲዳል