ሳልጠየቅ ሊወጣ የነበረው ኩላሊቴ

ማክሰኞ፣ ከምሳ በኋላ

ለመጨረሻዋ ልጄ፣ ለዓይኔ፣ ዛሬ ግን ለተቆጣሁባት

የሆስፒታሉን ወረቀት በሙሉ አንብቤ ጨርሻለሁ። እሺ፣ በሙሉ አይደለም፤ አንድ ገጽ ነው፣ እሱም አንድ ሰዓት ፈጅቶብኛል። ግን ማንም አላገዘኝም። ይህንም የምጽፈው በገዛ እጄ ነው። ማታ ማታ "ካርታ ልጫወት" እያልኩ የምወጣው ፊደል ልቆጥር ነበር። አስተማሪዋ ከክፍሉ አንደኛ ነህ ብላኛለች። ክፍሉ ውስጥ አራት ነን።

አሁን ወደ ቁጣዬ። ጎኔን ሲያመኝ ወንድምሽ አስመረመረኝና "ትንሽ ጠጠር ነው አባባ" አለኝ። ጠጠር በለው ያልሽው አንቺ ነሽ፤ በስልክ ስታወሩ ሰምቻለሁ። ዓርብ ዕለት ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትቶት ወጣ። ምን ብሎ ይደብቀዋል፣ ለእሱ እኔም ጠረጴዛውም አንድ ነን። አነበብኩት። "በግራ ኩላሊት ላይ ካንሰር ያልሆነ ዕጢ፤ ሊደማ ይችላል።" ከሥሩ ሁለት ምርጫ አለ። አንዱ ኩላሊቱን በቀዶ ጥገና ማውጣት፣ ሁለተኛው ዕጢውን የሚመግበውን የደም ሥር መዝጋት። ወንድምሽ የመጀመሪያው ላይ ምልክት አድርጎ በእኔ ስም ፈርሟል። አሮጌ አልጋ እንኳ ሲሸጥ ባለቤቱ ይጠየቃል።

ትናንት ብቻዬን ሄድኩ። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው።

"አባቴ፣ ቤተሰብ ይዘው ቢመጡ ይሻላል" አለኝ።

"ቤተሰቡን ተወው፤ ኩላሊቱን ይዤልህ መጥቻለሁ" አልኩት።

ሳቀና አስረዳኝ። በብሽሽቴ በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብተው ዕጢው ዘንድ ይደርሳሉ፤ ከዚያ ደቃቅ ፍሬዎች ለቀው መንገዱን ይደፍናሉ። ዕጢው ደም ሲያጣ ቀስ በቀስ ይሟሽሻል፤ ኩላሊቱ ይተርፋል። ሠላሳ ዓመት ቧንቧ ስጠግን፣ አንድ ክፍል አፈሰሰ ብዬ ቤት አፍርሼ አላውቅም፤ የዚያን መስመር መዝጊያ፣ ሳራቺኔስካውን ፈልጌ እዘጋለሁ።

"የጤነኛውን መስመር ብትዘጉብኝስ?"

"ያ ክፍል ይሞታል። ለዚህ ነው መጀመሪያ መንገዱን በፎቶ የምናየው። ጥቂት ቀን ሕመምና ትኩሳትም ይኖርዎታል" አለኝ።

አልሸነገለኝም። እውነቱን የነገረኝ ባዳ ነው። የወንድምሽን ወረቀት አሰረዝኩና ሁለተኛው ላይ ራሴ ፈረምኩ። ሐሙስ ጠዋት ይሠራልኛል።

ቤት ስገባ ወንድምሽን አቁሜ "ሳልሞት ማን አወረሰህ?" አልኩት።

"አንዴ ተነቅሎ ይገላግልህ ብዬ ነው፣ አባባ።"

"ጥርስ መሰለህ?" አልኩት።

አንቺስ? "ይደነግጣል" ብለሽ ነው አይደል። ዕጢውን ሳነብ አልደነገጥኩም፤ የደነገጥኩት ስሜን በሰው እጅ ተፈርሞ ሳይ ነው። ማንበብ የተማርኩት ያንቺን መልእክት ሌላ ሰው እንዳያነብልኝ ነበር። መጀመሪያ ያነበብኩት ግን ይህን ሆነ።

ብቆጣም ምርቃቴን አልከለክልሽም። ጎንሽ ደግ ሰው አይጣ፤ ሸክምሽን ያቅልልሽ፤ ውሸትን ከምላስሽ ያርቅልሽ።

አባትሽ

እንዲህ ብዬ መርቄ የራሴን ውሸት አላልፍም። ወንድምሽን የተቆጣሁት እዚህ ወረቀት ላይ ብቻ ነው። ቤት ስገባ ትራስ አስደግፎ "ጎንህ እንዴት ሆነ?" ሲለኝ፣ "ጠጠሩ ተሽሎታል" አልኩት። ዛሬ ከሥራ ሲመለስ ፊቱ ቁጭ ብዬ ይህን ደብዳቤ አነብለታለሁ፤ ላንቺ የምልከው ከዚያ በኋላ ነው። ከደረሰሽ፣ ሰምቶታል ማለት ነው።