የአልማዝ ዜማ በባዕድ ትራምፔት

እሑድ፣ ኅዳር 16 ቀን 1988 ዓ.ም.፣ ነፋስ ስልክ

ዛሬ በራሴ አፈርኩ። የባለቤቴ የአልማዝ ወንድም ከውጭ ያመጣልንን የጃዝ ካሴት ከምሳ በኋላ ከፈትነው። ሁለተኛው ሙዚቃ ላይ ትራምፔቱ ሲገባ አልማዝ የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች።

«ይሄ እኮ የኔ ዜማ ነው!»

እውነቷን ነው። ስንጋባ ለእሷ ሠርቼ በስሟ የጠራሁት፣ ማታ ማታ ሆቴል በፒያኖ የምጫወተው ዜማ፣ መጨረሻው ላይ ዝቅ የሚለው ሳይቀር ቁርጥ እሱ ነው።

«ሰረቁህ!» ብላ ለጎረቤታችን ለጋሽ ሙላት ልትነግር ወጣች።

የካሴቱን ሽፋን አየሁት። እዚያ ላይ በተጻፈው ዓመት መሠረት ሙዚቃው የተቀረጸው እኔ ፒያኖ መንካት ሳልጀምር ነው። በልጅነቴ ከሬዲዮ ሰምቼው ይሆን? ወይስ እንዲሁ ገጠመ? አላውቅም። ሽፋኑን ግን ቶሎ ብዬ ኪሴ ከተትኩት።

ጋሽ ሙላት ተቆጥተው ከአልማዝ ጋር ገቡ። «መክሰስ ነው እንጂ! ምን ዝም ትላለህ?»

«ይተዉት፣ ጋሽ ሙላት። ሰዎቹ ይጠቀሙበት» አልኩ፣ እንደ ቸር ሰው።

የአልማዝ ዓይን እንባ አቀረረ። «እንዳንተ ያለ ልብ ማን አለው?» ብላ እሳቸው ፊት ጉንጬን ሳመችኝ። ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።