ስለ አንድ ቀጭን ግድግዳ፣ ለመጪው ዘመን ኃላፊ

ለመጪው ዘመን ኑሮ ዕቅድ ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ወገብዎን ከወንበር፣ ዐይንዎን ከስክሪን፣ ጆሮዎን ከአጨብጫቢ ይጠብቅልዎ ዘንድ እመኛለሁ። እኔ፣ ጉልበቴን ትተው፣ ደህና ነኝ።

ፊደል ያልቆጠርኩ ግንበኛ ነኝ። ይህን ደብዳቤ እኔ እየተናገርኩ የሚጽፍልኝ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ ማመልከቻ የሚጽፈው ሰው ነው። "ይህቺ ቃል ትለዝብ" ባለኝ ቁጥር "እንዳልኩህ ጻፋት" ብዬዋለሁና፣ ክቡርነትዎ የሚቆጡበት ነገር ቢያገኙ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ነጠላ ሰረዙ ብቻ የእርሱ ነው። ዕድሜዬን ለጠየቀኝ ሁሉ ሰባ ዘጠኝ እላለሁ። ታላቅ እህቴ ግን እስክትሞት ድረስ "ሰማንያ አንድ ነህ፣ አትቅጠፍ" ስትለኝ ኖራለች።

የመጣሁበትን ከመናገሬ በፊት፣ ባለፈው ወር በሰፈራችን አዳራሽ ሰብስባችሁ በመጪዎቹ ሠላሳ ዓመታት የሰው ልጅ ኑሮ እንዴት እንደሚለወጥ ስላሳያችሁን ከልብ አመሰግናለሁ። የነገውን ለማየት የታደለ ሹም በየዘመኑ አይገኝም፤ የዛሬውን የሚያይ እንኳ ስንት ዓመት ፈልገን አጥተናል። ይሁንና ጥቂት ነገሮች ስለ ከነከኑኝ በቁጥር አስቀምጣቸዋለሁ።

አንደኛ። በብርሃን ባሳያችሁን ሥዕል የሰው ልጅ መቶ ሃያ ዓመት እንደሚኖር፣ ማጠብም መጥረግም ማብሰልም የማሽን ሥራ እንደሚሆን፣ ሐኪም በሽታን ገና ሳይመጣ እንደሚያውቀው፣ ብቻውን የሚኖር ሰውም የሚያጫውተው ማሽን እንደሚያገኝ ሰምተን ተደስተናል። ሥዕሉ ላይ ያሉት ሽማግሌዎች ሁሉ ጥርሳቸው ሙሉ መሆኑን ሳይ እኔ በተለይ ደስ ብሎኛል። ከዚያም ታብሌት የያዘው ባልደረባዎ ከወንበር ወንበር እየዞረ ሲጠይቅ እኔ ዘንድ ደረሰና "አባባ፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ራስዎን የት ያዩታል?" አለኝ። "መቃብር ቦታው፣ ከባለቤቴ በስተቀኝ፤ ያም እናንተ መንገድ ካላወጣችሁበት ነው" አልኩት። ሰውዬው ጨዋ ነው፤ ጥቂት አሰበና "ሌላ" የሚለውን ነካ። በዕቅዳችሁ ውስጥ "ሌላ" ተብዬ ስለ ተመዘገብኩ አመሰግናለሁ፤ በስተርጅና እንዲህ ያለ ማዕረግ አገኛለሁ ብዬ አልጠበቅኩም።

ዘመን የሚጠላ ሽማግሌ አልምሰልዎ። ሰፈራችን ቧንቧ ሲገባ "ሴቶቹ ሊሰንፉ ነው" ያሉትን ሽማግሌዎች በአደባባይ የሰደብኩ እኔ ነኝ፤ ውኃ ቀድተው የማያውቁ ሰዎች ነበሩ። የዐይኔን ሞራም አንዲት ሐኪም ትኩስ ሻይ እስኪበርድ በማይሞላ ጊዜ ገፋልኝ፣ ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ ያየሁት የራሴን ቤት ግድግዳ ነበር፤ ልስኑ ጠማማ መሆኑን ያን ቀን ዐወቅሁ። ስለዚህ አዲስ ነገር አታምጡብን አላልኩም። ስታመጡ ግን ያለውን ጠይቁ ነው የምለው።

ሁለተኛ። ይህ ስለ ጣሪያዬ ነው፤ ነገር ግን ጣሪያው እንዲገባዎ አስቀድሜ ግድግዳውን ልንገርዎ። በእኔና በልብስ ሰፊዋ ጎረቤቴ ቤት መካከል ያለውን ግድግዳ የዛሬ አርባ ዓመት ግድም የሠራሁት እኔ ነኝ። ባለ ሃያው ብሎኬት አልቆ ስለ ነበር በባለ አሥሩ፣ ማለትም በግማሽ ውፍረት፣ ጨረስኩት። በሥራ ዘመኔ ካፈርኩባቸው ሁለት ሥራዎች አንዱ እርሱ ነው፤ ሁለተኛውን አልነግርዎትም፣ ዛሬም ሰው ይኖርበታል። ሟቹ ባሏ "እኔ ባስነጠስኩ ቁጥር ይማርህ የሚለኝ ሚስቴ ሳትሆን ግንበኛው ነው" እያለ በየሄደበት ሲያማኝ ኖረ። እርሱም አለፈ፣ የእኔም ባለቤት አለፈች፣ ልጆቻችንም ሥራ ወደ ጠራቸው ሄዱ።

ከዕለታት አንድ ቀን እንቅልፍ ጥሎኝ አረፈድኩ። ልብስ ሰፊዋ በሬን ብትመታ አልሰማሁም፤ ሞተ ብላ ጩኸቷን አቀለጠችው፣ ሰፈሩም ግልብጥ ብሎ ወጣ። እኔም የገዛ ራሴን ለቅሶ በር ከፍቼ አየሁት፤ ካለቀሰው ይልቅ ያልመጣው ማን እንደ ሆነ ነው የቆጠርኩት። እርሷ እንባዋን ጠርጋ "ሁለተኛ እንዲህ ቢያደርጉኝ፣ ጋሼ፣ የምገድልዎት እኔ ነኝ" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ማለዳ ማለዳ እኔ በጣቴ አንጓ ግድግዳውን ሦስት ጊዜ እመታለሁ፣ እርሷ በመቀሷ እጀታ ሁለት ጊዜ ትመልሳለች። አለሁ፤ እኔም አለሁ። ይህ ካለቀ በኋላ ቀኑን ሙሉ ብንኮራረፍ ግድ የለንም።

እንግዲህ እናንተ ከአዳራሹ ስብሰባ ጥቂት ወራት አስቀድማችሁ፣ ለሙከራ ብላችሁ በሁለታችንም ጣሪያ ላይ የድስት ክዳን የሚያህል ነጭ መሣሪያ ለጠፋችሁልን፤ ሽማግሌ ሲወድቅ ሰው የሚጠራ፣ እስኪወድቅ ድረስ አረንጓዴ የሚያበራ። በማግስቱ ማለዳ እንደ ልማዴ ሦስት ጊዜ ስመታ መሣሪያው ሦስት ጊዜ የወደቅሁ መሰለው። ሸሚዜን አውልቄ፣ ፊቴን አረፋ አልብሼ ጢሜን ስላጭ አራት ጎረምሶች በሬን ገንጥለው ቃሬዛ ይዘው ገቡ። "አባባ፣ ወድቀዋል" አሉኝ። "ቆሜ አታዩኝም እንዴ?" ብላቸው "መሣሪያው ሦስት ጊዜ ወድቀዋል ይላል" አሉ። ያለ በሽተኛ ቢመለሱ ለአለቃቸው የሚሰጡት መልስ አልነበራቸውም፤ እነርሱም የሰው ልጆች ናቸውና አሳዘኑኝ፣ ቃሬዛው ላይ ተጋደምኩላቸው። ግማሹ በተላጨ ፊት ተሸክመውኝ ሲወጡ ልብስ ሰፊዋ መቀሷን እንደ ያዘች ብቅ አለችና "ምን ሰርቀው ነው?" ብላ ጠየቀቻቸው። ለዚህ ሁሉ ትጋታችሁ አመሰግናለሁ። መሣሪያውንም ማንኳኳቴን እንደ መውደቅ እንዳይቆጥረው አስተካከላችሁት፤ በሬ ግን እስከ ዛሬ የሚዘጋው በገመድ ነው።

ሦስተኛ። እዚህ ላይ ጸሐፊው እስክሪብቶውን አስቀምጦ ነበር፤ እንዲያነሣው ለምኜዋለሁ። ከሁለት ወር በፊት ማለዳ ሦስት ጊዜ መታሁ፤ መልስ የለም። ደግሜ መታሁ። በዋዜማው ተኳርፈን ስለ ነበር እልኋ መስሎኝ ትንሽ ቆየሁ፤ በኋላ ግን እልኸኛ ብትሆንም መልስ ነሥታኝ እንደማታውቅ አስታወስኩና ጉልበቴን እየጎተትኩ ሄድኩ። በስፌት መኪናዋ ፊት ወንበሯ ላይ ተቀምጣለች። ቀኝ እጇ ጭኗ ላይ ዝሏል፣ አፏ ወደ አንድ ወገን ተጣሟል፣ ዐይኗ ብቻ እኔን ይከተላል። ከራሷ በላይ መሣሪያችሁ አረንጓዴ አብርቷል። አልወደቀችማ።

ያየቻት ሐኪም "አንድ ሰዓት ዘግይተው ቢሆን ኖሮ" ብላ ሳትጨርሰው ተወችው፤ እኔም እንድትጨርሰው አልጠየቅኋትም። ለመሥሪያ ቤታችሁ አቤት ብንል በሦስት ቀን ውስጥ፣ ማኅተም ባረፈበት ወረቀት፣ "በተጠቀሰው ዕለት ምንም ዓይነት መውደቅ ያልተመዘገበ በመሆኑ መሣሪያው ተግባሩን በአግባቡ ፈጽሟል" የሚል መልስ ሰጣችሁን። መልሱ በመፍጠኑ አመሰግናለሁ፤ ሌላ ምን ልበል። ልብስ ሰፊዋ ከሐኪም ቤት ተመልሳለች፣ ቀን ቀን የእህቷ ልጅ ትረዳታለች፤ ንግግሯ ግን አልተመለሰም። ያቺ መንደሩን በአንድ ቃል የምታስቅ ሴት ዛሬ ማለዳ ማለዳ በግራ እጇ አንድ ጊዜ ብቻ ትመታለች። ከሰውም ከመሣሪያም ጋር ሳትቸገር የምታወራው በዚያ ግድግዳ ብቻ ነው።

አራተኛ፤ ዋናውም ይህ ነው። ሰፈራችን ሊፈርስ፣ እኛም ወደ አዲሶቹ ሕንጻዎች ልንዛወር ነው። ይፍረስ፤ ጣሪያው ያፈሳል፣ የሠራሁትን እኔ ዐውቀዋለሁ። ነገር ግን ኮምፒውተራችሁ እርሷን "ክትትል የሚያሻት" ብሎ ሁለተኛው ሕንጻ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ሰቅሏታል፤ እኔን "ጉልበቱ የደከመ" ብሎ አምስተኛው ሕንጻ ምድር ላይ አስቀምጦኛል። ጎን ለጎን አድርጉን ብዬ ባልደረባዎን ብለምነው "የሥጋ ዝምድና አላችሁ?" አለኝ። የለንም። "ጋብቻስ?" የለም። "ታዲያ ምን አላችሁ፣ አባባ?" ቢለኝ "ግድግዳ አለን" አልኩት። ታብሌቱን ወደ ላይ ወደ ታች ቢገፋው ይህን የሚጽፍበት ቦታ አጣ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ሲባል የሰማ ሰው መሥሪያ ቤታችሁ ውስጥ ጠፍቶ ነው? ለድልድሉ ስል ላግባት ብል እንኳ እሺ አትለኝም፤ ደህና ሳለች አንድ ጊዜ በቀልድ ብጠይቃት "ሚስትዎ እንዴት እንደ ቻለችዎት በግድግዳው ሰምቻለሁ" ብላ አሰናብታኛለች።

ለአዲሱ ቤት ያተማችሁት ወረቀት ደግሞ "ድምፅ ጨርሶ የማያሳልፍ ግድግዳ" ብሎ ይኮራል። ሄጄ በአንጓዬ መታ መታ አደረግሁት። እውነታችሁን ነው፣ አያሳልፍም፤ ቱንቢውም ልክ ነው፣ እጃችሁ ይባረክ። እኔም የዛሬ አርባ ዓመት እንዲህ ያለ ግድግዳ ሠርቼ ቢሆን ኖሮ ስሜ አይታማም ነበር። ልብስ ሰፊዋም ዛሬ በሕይወት አትኖርም ነበር።

አምስተኛው ስሞታ አይደለም፤ ሥራ ልለምን ነው። በአንድ ፎቅ ላይ፣ ከፈለጋችሁ ምድር ከፈለጋችሁ ሰማይ፣ አጠገብ ለአጠገብ ያሉ ሁለት ክፍሎች ስጡን። መካከላቸው ያለውን ያን የሚያኮራችሁን ግድግዳ አፍርሳችሁ ቦታውን ለእኔ ልቀቁልኝ። የግንበኛ ማንኪያዬ አልዛገም፣ ውኃ ልኬ አልተሰበረም። ጭቃ የሚያቀብለኝ አንድ ሰው ብቻ ካገኘሁ በባለ አሥር ብሎኬት በአራት ቀን አቆመዋለሁ። ወፍራም ግድግዳ ማንም ይሠራል፤ ሳይወድቅ የሚያሰማ ቀጭን ግድግዳ መሥራት የባለሙያ ነው።

ሰኞ ጠዋት መጥቼ ለድልድሉ የጣት አሻራዬን እንድሰጥ ታዝዣለሁ። እንዲህ ካልሆነ አልመጣም። ፊርማ የለኝም፣ ያለኝ ይህ አውራ ጣት ነው፤ እርሱንም ከእኔ ፈቃድ በላይ የሚያዝዝበት ሰው አልተወለደም። ዶዘራችሁ ሲመጣ ከቤቴ ቁጭ ብዬ ያገኘኛል፤ ያን ቀን መሣሪያችሁ "ወደቀ" ቢል ለመጀመሪያ ጊዜ አይዋሽም።

ክቡር ሆይ፣ ባዳራሹ ከሩቅ ሳይዎት ሃምሳ ዓመት ግድም መሰሉኝ። ያ ሥዕል እውነት በሚሆንበት ጊዜ እንግዲህ ሰማንያ ይሞላዎታል። ለእኔ ብለው የሠሩት ቤት የእርስዎ ነው ማለት ነው፤ እኔማ አድራሻዬን ነግሬዎታለሁ። ጥርስዎ ሙሉ ሆኖ፣ ምግቡ በሰዓቱ ቀርቦ፣ ማሽኑ እያጫወተዎት፣ አንድ ማለዳ ቀኝ እጅዎ እምቢ ቢል ከግድግዳው ማዶ ማን "ዛሬስ ምነው ዘገዩ?" እንደሚል በዕቅዱ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት። ባዳራሹ ያደላችሁንን ሁለቱን ቅጽ ጸሐፊው ሁለት ጊዜ አንብቦልኛል። ምናልባት በሦስተኛው ቅጽ ይወጣ ይሆናል።

ጊዜዎን ስለ ሰጡኝ፣ ባይሰጡኝም እንደ ሰጡኝ አድርጌ ስለምቆጥረው፣ ከአንገቴ ዝቅ ብዬ እያመሰገንኩ፣ ወገቤ አልታጠፍ ያለው ከእርጅና እንጂ ከንቀት እንዳልሆነ እንዲረዱልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ስሙን መጻፍ የማይችል፣ የሠራውን ቤት ግን ዐይኑን ጨፍኖ በመዳሰስ የሚለይ፣
አክባሪዎ ግንበኛው።

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤው ሳይላክ፣ ረቡዕ ዕለት፣ ባለ ታብሌቱ ባልደረባዎ አሻራውን ቀደም ብሎ ሊወስድ እቤቴ ድረስ መጣ። አሻራውን ትቼ እናቱ የት እንዳሉ ጠየቅሁት። የሁለት ቀን መንገድ ርቀው ብቻቸውን እንደሚኖሩ፣ ያው መሣሪያ እርሳቸውም ጣሪያ ላይ እንዳለ ነገረኝና ታብሌቱን ነካ አድርጎ "ይኸው፣ ደህና ናቸው" ብሎ አሳየኝ። እሑድ እሑድ ደግሞ ይደውልላቸዋል። "እስኪ አሁን ደውል፣ ልጄ" አልኩት። ደወለ። እናቱ ሃሎ እንኳ አላሉም፤ "ማን ሞተ?" ነው ያሉት። "ማንም አልሞተም፣ እማዬ፣ እንዲያው ነው" ቢላቸው አላመኑትም፤ የዘመዱን ሁሉ ስም እየጠሩ አንድ በአንድ አስማሉት። ክቡርነትዎም ዛሬ ወደ እናትዎ ይደውሉ። መጀመሪያ የሚጠይቁዎት ማን እንደ ሞተ ከሆነ፣ የሠላሳ ዓመቱ ዕቅድዎ እቤትዎ ቀድሞ ደርሷል።