አገር ስጠኝ

ሰኞ
ጉጉቱ አላስቀምጥ አለኝ። የተማሪዎቹ ጉብኝት ቅዳሜ ነው፣ እኔ ገና ካርድ እቆርጣለሁ። ልጆች ሙዚየማችን ገብተው ሲያዛጉ ማየት መረረኝ፤ በየዕቃው ሥር እንቆቅልሽ ላንጠለጥል ነው። መልሱ ከካርዱ ጀርባ። የጠፋበት ልጅ፣ እንደ ቤቱ ጨዋታ፣ አገር ይሰጣል፤ የሰጠው ከተማ ላይ፣ የአገሪቱ ካርታ ላይ፣ ስፒል ይሰካል። ዕቃ ጠባቂያችን ጋሽ ታደለ "ይኼማ እኔንም ያጫውተኛል" አሉኝ። ደስ አለኝ።

ማክሰኞ
ወሎ ሰፈር የጎረቤት ልጆች ሰብስቤ ሞከርኩት። ጉድ ነው! ሲጋፉ ካርዱን ሊቀድዱብኝ ነበር። የጎረቤቴ የዘይነባ ልጅ እያወቀች ትሸነፍና ደሴን ትሰጣለች።

ረቡዕ
ወይ ጣጣ! ስፒሉ ይይዝ እንደሆነ ለማየት አሥመራ ላይ ሰክቼ ረስቼዋለሁ። የመሥሪያ ቤታችን ካድሬ፣ ጓድ መኮንን፣ "አገር ስጠኝ" ብዬ የጻፍኩበት ካርታ ፊት ቆሞ አገኘሁት።

"አገር ስጠኝ? ሰጪው ማነው? ለማንስ ነው?"

እንቆቅልሽ ነው አልኩት።

"ጓዲት፣ አገር ሊቆርሱ በተነሱበት ሰዓት ልጆቻችንን ቆርሶ መስጠት ታስተምሪያለሽ?"

ዓርብ ስብሰባ ላይ መልስ ስጪ አለኝ። ከዚህ ባነሰ ነገር ሰው ከቤቱ ተወስዶ ቀርቷል።

ሐሙስ
ከሃያ ሁለት ማዞሪያ እስከ ቤቴ በእግሬ መጣሁ፣ ታክሲ ውስጥ መቀመጥ አቅቶኝ። እናቴ "ምን ቆርጦሽ በአገር ትጫወቻለሽ?" አለችኝ። "ሎሚ ስጠኝ" ልበለው? ልጆቹ ይስቁብኛል። ቀድጄ ልጣለው? አልቀደድኩም። እልኸኛ ነኝ፤ ፈሪ እልኸኛ።

ዓርብ
ስብሰባው ላይ ካርዶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። ጋሽ ታደለ ተነሡና ከካርዶቹ አንዱን እንደመጣላቸው መዘዙ።

"እንቆቅልህ!" አሉት ጓድ መኮንንን።

"ምን አውቅልህ!" ብሎ እርፍ። አፉ ቀደመው።

"ሆዱ ባዶ፣ ጩኸቱ አገር የሚሞላ።"

ሁላችንም ጠረጴዛውን አየን። እሱ አሰበ፣ አሰበ፣ አላበው።

"አገር ስጠኝ!" አሉ ጋሽ ታደለ።

"ባሌን ሰጠሁህ!"

አገር ቆርሶ መስጠቱ የገባው ከዚያ በኋላ ነው። ፊቱ ደም መሰለ። ስብሰባው ተበተነ፤ መልሱን ለመንገር የደፈረ የለም።

ከምሳ በኋላ ክፍሌ መጥቶ በሩን ዘጋ። አለቀልኝ አልኩ።

"አገሬን ሰጥቻለሁ፤ መልሱን ንገሪኝ እንጂ።"

"ነጋሪት፣ ጓድ።"

"ነጋሪት ብቻ?"

"ነጋሪት ብቻ።"

ትኩር ብሎ አየኝ። "ነገ ልጆቹ ይግቡ" ብሎ ወጣ። ኮሪደሩ ላይ ድምፁን ሰማሁት፤ ሳቅ ይሁን ሳል አልለየሁም።