እኔና እታለም የወረስነው

ጥቅምት 6
ቀኑን ሙሉ ላቦራቶሪ፣ ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍቼ። የሰው ክሮሞዞም ፎቶ ማንሳት፣ ጥንድ ጥንዱን ማሰለፍ... አንገቴ ደርቋል። ታላቅ እህቴ እታለም ደወለች። ሆዷ ተነፍቷል። ምሳ አብዝታ እንደሆነ ቀልጄባት ስልኩን ዘጋሁት።

ጥቅምት 24
ካንሰር። ኦቫሪዋ፣ እንቁላል ማምረቻዋ ላይ። እናታችንን የወሰዳት ያው...

ኅዳር 9
በቀዶ ጥገና የወጣው ዕጢ ናሙና እኛ ጋ መጣ። ባልደረባዬ እኔ እንዳላየው ብሎ ራሱ ሊሠራው ፈልጎ ነበር። ክሮሞዞሙን አየሁት። የተበጠሰ፣ ቁራጩ ከሌላው ጋር የተጣበቀ፣ አንዱ ሦስት ሆኖ ሌላው የጠፋ... በምን ላሰልፈው? እንዲህ ያለ ስንቱን አይቻለሁ። የእህቴን ግን?

ኅዳር 20
ሐኪሟ ሁለታችንንም አስጠራችን። የማንም ሰው ዘረመል ሲበጠስ ይውላል፣ ሰውነት ይጠግነዋል። በእኛ ቤት ግን ከጠጋኞቹ አንዱ ከውልደት የተበላሸ ነው። እታለም ላይ ከአባታችን የወረሰችው ጤነኛው መጠባበቂያም ጠፋ። ከዚያ ሴሉ በተከፈለ ቁጥር ስብራት በስብራት ላይ... የማውቀውን ነው የምትነግረኝ። እንደ አዲስ ሰማሁት።
ከኬሞቴራፒው በኋላ የሚዋጥ ኪኒን አለ። ለታመመው ሴል የቀረችውን አንዲት የመጠገኛ መንገድ ይዘጋበታል፤ ጤነኛው ሌላ መንገድ ስላለው ይተርፋል።
«እኔን ያሳመመኝ ጉድለት እሱንም ይገድለዋል ማለት ነው?» አለች እታለም።
ሐኪሟ አዎ አለችና ወደ እኔ ዞረች። እኔም ወርሼው ሊሆን ይችላል፤ ብመረመር ይሻላል። ሥራ ረፍዶብኛል ብዬ ወጣሁ።

ኅዳር 21
አልተመረመርኩም።

ታኅሣሥ 12
ቀልቤ አንድ ቦታ አይረጋም። የታጠበ ብርጭቆ መልሼ አጥባለሁ። ደም መስጫው ክፍል ጋ ስደርስ ስልክ የማወራ መስዬ አልፋለሁ... ማንን ለማታለል?
እታለም ቤት ሄድኩ። ኬሞው አድክሟታል። ትራሷን ሳስተካክል፣ ብርድ ልብሷን ሳጣጥፍ፣ ስነሳ ስቀመጥ እጄን ያዘችኝ።
«ቁጭ በይ። እማዬ ሳታውቅ ሞተች። እኔ ዘግይቼ አወቅሁ። አንቺ ደግሞ እያወቅሽ ልትሞቺብኝ ነው?»
ተቆጥቼ ወጣሁ። በማን ነው የተቆጣሁት?

ታኅሣሥ 13
ለምርመራው ደሜን ሰጠሁ።

ጥር 17
አለብኝ።
ኦቫሪዎቼ ሳይታመሙ ቢወጡ ይመረጣል አለች ሐኪሟ። ለባሌ ነገርኩት። ሁለተኛ ልጅ ስንመኝ ነበር... ልጃችን እናት እንድታጣ አልፈልግም አለኝ። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ውሃውን ለቀቀው። ሲያለቅስ እንዳልሰማው።

ግንቦት 14
ትናንት ቀዶ ጥገና ተደረገልኝ። የወጣው ገና ይመረመራል።
እታለም በአውቶቡስ መጣች፣ ብቻዋን! ፀጉሯ በቅሏል፣ እንደ ወንድ ልጅ። ኪኒኑ ያቅለሸልሻታል፤ የቀረው ዕጢ ግን ቀንሷል። እስከ መቼ? ሐኪሟም አታውቅም። ስለ ልጄ አነሳሁ... እሷም ወርሳው ሊሆን እንደሚችል ስታድግ ማን ይነግራታል?
«እኔ ነኛ! አንቺማ ገና አፍሽን ሳትከፍቺ ታለቅሺያለሽ።»
ሳቅሁ። ስፌቱ አመመኝ። እሷ ወሬዋን ቀጠለች፤ ስለ አውቶቡሱ፣ ስለ ጎረቤቷ... መሃል ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ። በጠራራ ፀሐይ። ስነቃም እዚያው ነበረች።