ለአሰልጣኙ የተያዘ ሣር

ሚያዝያ 7 ቀን 2007

ልምምድ። ሙቀቱ አይጣል ነው። አቶ ሸዋንዳኝ ዛሬም መጣ። የቡድናችን ሊቀ መንበር ከሆነ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ኳስ በእግሩ የነካው መኪናው ሥር ገብታበት ሊያወጣት ሲል ብቻ ይመስለኛል። ጃንጥላ ሥር ቆሞ፣ «ካስዬ፣ አጥቂ ጨምር እንጂ!» ይላል። እሺ ጌታዬ። ከአሥራ አንዱ ላይ የት ልጨምር? በረኛውን አውጥቼ?

እሑድ 18 የመጨረሻው ጨዋታ ነው። ካሸነፍን እናድጋለን። ካልሆነ እባረራለሁ። እሱ አይባረርም… እንዲህ ያለ ሰው ተባሮ ያውቃል?

ሚያዝያ 9

ዕዝራን አገድኩት። አምበሌን። አሥራ አራት ጎል ያገባልኝን።

በእረፍት ሰዓት በረኛው ክንፉ ከሃይላንዱ ጠጥቶ ለዕዝራ አቀበለው። ዕዝራ ውሃውን መሬት ላይ ደፋው። «የሸክላ ሠሪ አፍ የነካውን አልጠጣም» አለ፣ ሁሉም እየሰማ። ሦስቱ ሳቁ። ክንፉ ጓንቱን አጠለቀና ወደ ጎሉ ሄደ።

የሸክላ ሠሪ ልጅ እኔም ነኝ። ዕዝራ ይህን አያውቅም? በደንብ ያውቃል። እኔ ግን ፊሽካ ይዣለሁ።

በዘጠናዎቹ እኔ ራሴ ለዚሁ ቡድን ስጫወት ጆጉን አያስነኩኝም ነበር። ውሃ በመዳፌ ላይ ያፈሱልኛል። ጠጣሁ፣ ዝም አልኩ፣ ጎል አገባሁ። ጉልበቴ እስኪሰበር ድረስ። ያኔ አሰልጣኙ አንዲት ቃል ቢናገር ኖሮ…

«በቡድኑ ፊት ክንፉን ይቅርታ ሳትጠይቅ ማልያ አትለብስም» አልኩት ዕዝራን። ትከሻውን ነቅንቆ ሄደ። ይሂድ።

ሚያዝያ 12

ሸዋንዳኝ ቢሮ አስጠራኝ። «የልጆች ቀልድ እኮ ነው ካስዬ። አንተ ደግሞ ነገር ታከራለህ።»

ቀልድ! «በእርስዎ ላይ ቢቀለድስ?» አልኩት። ሻዩን ማማሰል ጀመረ። ስኳር እንኳ አልጨመረበትም ነበር።

ሚያዝያ 15

ያልጠበቅኩት ነገር። በማለዳ በር ተንኳኳ። ከጨንቻ የወረዱ አምስት ሽማግሌዎች፣ እርጥብ ሣር ይዘው። ከፊት ጋሽ ማርቆስ፣ የዕዝራ አያት ወንድም። ከኋላ ሸዋንዳኝ፣ መነጽሩን እየጠረገ። ሽማግሌዎቹ ሣሩን ይዘው ደጄ ላይ ተንበረከኩ። «ልጃችን አጥፍቷል፤ ማርልን» አሉ።

ጋሞ ሆኖ ሣር ተይዞበት እምቢ የሚል የለም። ግን እሱ አይደለም… እውነቱን ልጻፍ፣ ማን ያነበዋል? እናቴ እነዚህ ሰዎች ቤት ማሰሮ ይዛ ስትሄድ ከደጅ ነበር የምትቆመው። ዛሬ እነሱ እኔ ደጅ ላይ፣ በጉልበታቸው! ደስ አለኝ። አንጀቴ ራሰ። «ተነሡ አባቶቼ፣ ምሬዋለሁ» አልኩ። አንዲት ደቂቃ እንኳ አላቆየኋቸውም።

ሲሄዱ ባለቤቴ ልክነሽ፣ «ክንፉስ?» አለችኝ።

«እሱ ነገሩ ይገባዋል» አልኳት።

ሚያዝያ 16

ክንፉ ጓንቱንና ማልያውን አጥቦ፣ አጣጥፎ አመጣ። «ውሃው የተደፋው እኔ ስለነካሁት ነው ኮች። ሽማግሌ የመጣው እርስዎ ቤት። ምሬዋለሁ ያሉት የማንን በደል ነው?»

ቆሞ መልሴን ጠበቀ። «ከእሑድ በኋላ እናወራለን» አልኩት። ከእሑድ በኋላ! ቁርጥ ሸዋንዳኝን።

ሚያዝያ 18

አንድ ለዜሮ። ዕዝራ፣ በሰማንያኛው ደቂቃ፣ በግንባሩ። አደግን። ሸዋንዳኝ ማልያ ለብሶ በሰው ትከሻ ላይ ይዞራል። ያየው ሰው ጎሏን እሱ ያገባት ይመስለዋል። እኔንም አቀፈኝ። ሽቶው ከሸሚዜ አልለቅ ብሏል።

ተጠባባቂው በረኛ ሁለት ኳስ አዳነ። ስለ ክንፉ ማንም አልጠየቀም።

ሚያዝያ 24

ጨንቻ ወጣሁ። ጋሽ ማርቆስን፣ «ሣር ይዘን ክንፉ ቤት እንሂድ» አልኳቸው። ሳቁ።

«እዚያ ቤት? ሣር?»

«እኔ ቤት መጥተው የለ? እኔና እሱ እኮ አንድ ነን።»

«አንተማ አሰልጣኙ ነህ» አሉኝ፣ እንደ ሕፃን እያባበሉ።

ለካ የተንበረከኩት ለእሑዱ ጨዋታ ነው። እኔ ደግሞ ለእናቴ መስሎኝ… ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ። ሸዋንዳኝን ስንቅ ከርሜ፣ ከሱ የባስኩት ቂል እኔ ሆኜ ተገኘሁ። እሱ እንኳ የሚፈልገውን ያውቅ ነበር።

ግንቦት 2

የመልቀቂያ ደብዳቤዬን ለሸዋንዳኝ ሰጠሁት። አነበበው። «አሁን ደግሞ ማን አስቀየመህ ካስዬ? ሽማግሌ ልላክ?» አለኝ። ጥዬው ወጣሁ።

ከዚያ ክንፉ ቤት። ብቻዬን፣ ባዶ እጄን። ለእናቱ የሸክላ አፈር ተሸክሞ ሲመጣ በር ላይ አገኘሁት።

«በድዬሃለሁ» አልኩት። «የማርኩት የእኔን ሳይሆን የአንተን በደል ነው። ሽማግሌዎቹ ሲንበረከኩልኝ ደስ ብሎኝ ነው የማርኩት። አሰልጣኝነቱንም ትቻለሁ።»

ጆንያውን ሳያወርድ እስክጨርስ ሰማኝ። ላብ ዓይኑ ውስጥ ይገባል፣ አይጠርገውም።

«እሑድ ዕለት ሜዳ ነበርኩ» አለኝ። «የዕዝራ ጎል ጥሩ ጎል ናት።»

ገባ። በሩንም ዘጋው። እሱን የለወጥኩባት ጎል! በዚህ ከተማ ሜዳ ላይ ያልተሰደብኩት ስድብ የለም፤ እንዲህ አድርጎ የሰደበኝ ሰው ግን የለም።