የሰዒድ ካርዶች

ማክሰኞ

«የራሴ ነው» አልኩ። አፌን በቆረጠው! መምህሩ ሁለቱን የታተሙ ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘርግተው አንዴ እኔን፣ አንዴ ሰዒድን ያያሉ። በኮምፒዩተር ኮርሱ የተሰጠን ሥራ በሁለት ቀኖች መካከል ስንት ቀን እንዳለ በእኛው አቆጣጠር የሚቆጥር ፕሮግራም ነው። ሁለታችንም ጳጉሜን በዘመነ ዮሐንስ ስድስት አድርገናታል። ስድስት የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ ነው። «ሁለት ሰው ለየብቻው ተቀምጦ እንዲህ አንድ ዓይነት አይሳሳትም» አሉ።

እውነቱ ይኸውና። ባለፈው ሳምንት ሰዒድ እናቱ ታመውበት ወደ ወሎ ሲሄድ ፕሮግራሙን ቀዳዳ በቀዳዳ የበሳባቸውን ካርዶች ሰጠኝ። «አደራ፣ አስረክቢልኝ» አለኝ። እኔ ደግሞ መብሻ ማሽኑ ላይ አንድ በአንድ ገለበጥኳቸው። ራሴ የበሳሁት ስሜ ያለባትን አንዷን ካርድ ብቻ ነው።

ሰዒድም «የራሴ ነው» ብሏል። መምህሩ ያመኑት እኔን ነው፤ በጽሑፍ ፈተና ከክፍሉ አንደኛ ነኛ! ዓርብ በውይይት ክበቡ ሰዒድ ቆሞ ግለ ሂስ ያደርጋል፣ ከዚያ ከኮርሱ ይሰናበታል። አየኝ ብቻ።

ረቡዕ

አባባ የቦሌ ሚካኤል መሪጌታ ናቸው። ራት ላይ እንደ ዋዛ አድርጌ «ጳጉሜ ስድስት የምትሆነው መቼ ነበር?» አልኳቸው። ሳቁብኝ። «አንቺ ልጅ፣ ይህንን በሰባት ዓመትሽ በጣቶችሽ ትቆጥሪው አልነበረም እንዴ?»

ነበር። ሰዒድ ቢሳሳት አይፈረድበትም፣ እነሱ ቤት ወር የሚገባው በጨረቃ ነው። የመሪጌታ ልጅ ግን! ስገለብጠው እንኳ አላነበብኩትም ማለት ነው። ሌባ መሆን አንድ ነገር ነው፣ ሰነፍ ሌባ መሆን ግን ምን ይባላል?

አጠናኔን ልጻፈው፣ ቢያንስ እዚህ ልመን። ሽምደዳ። ደብተሩን ከዳር እስከ ዳር እንደ ውዳሴ ማርያም። ፈተና ላይ ዘርግፎ መውጣት፣ በማግስቱ መርሳት። አንድም ፕሮግራም ከራሴ አፍልቄ ጽፌ አላውቅም። አንድም።

ሐሙስ

ሰዒድን ጉርድ ሾላ አውቶቡስ ሲጠብቅ አገኘሁት።

«እናትህ እንዴት ናቸው?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ተሽሏቸዋል።»

«ሰዒድ፣ እኔ…»

«ለኔ ምን ትነግሪኛለሽ? እኔማ አውቃለሁ» አለና አውቶቡሱ መጥቶ ተሳፈረ። ቦታ ነበረው። እኔ ግን አብሬው መሳፈር አቃተኝ፣ በእግሬ ሄድኩ።

ብናገር እኔ እባረራለሁ። ሰፈሩ ሁሉ «ኮምፒዩተሯ» እያለ ነው የሚጠራኝ፤ አባባ በምን ዓይናቸው ሰው ያያሉ? ዝም ብል እሱ ይባረራል። የሚታሰብበት ነገር አልነበረም፤ እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ሳስብበት ዋልኩ። ይህም ያሳፍረኛል።

ዓርብ

ግለ ሂስ እችልበታለሁ። ክበቡ ውስጥ ቀድሜ እጄን የማወጣው ሁሌም እኔ ነኝ፤ ማርፈዴን፣ ጋዜጣ አለማንበቤን ሳንበለብለው ጓዶች ያጨበጭባሉ። ዛሬም የሰዒድ ስም ሳይጠራ ተነሳሁ። «ጓዶች፣ በውስጤ ያለውን የንዑስ ከበርቴ ዝንባሌ በቆራጥነት ባለመታገሌ…» ብዬ ጀመርኩት። ሰብሳቢው ራሱን ይነቀንቃል፣ አንዱ ያዛጋል። ሰዒድ መሬት መሬት ያያል። በዚያው ብገፋበት ምን እንዳደረግኩ ማንም ሳይገባው ተጨብጭቦልኝ እቀመጥ ነበር። ልገፋበትም ነበር፣ እዚህ እንኳ አልዋሽ።

መምህሩ ከኋላ «ልጄ፣ በአማርኛ ንገሪን» አሉ።

«ሰረቅኩ» አልኩ። «ካርዶቹ የሰዒድ ናቸው። አደራ ብሎ ሰጥቶኝ ገለበጥኳቸው። ማክሰኞ ደግሞ ዋሸሁ።»

ማንም አላጨበጨበም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት።

ሰኞ

ሰዒድ ይቀጥላል። የኔ ነገር ገና ኮሚቴው ጋ ነው፤ እስኪወስኑ ክፍል መግባት ተፈቅዶልኛል። ቅዳሜ ለአባባ ነገርኳቸው። ምሳቸውን ሳይጨርሱ ተነሱ፣ እስካሁን በስሜ አልጠሩኝም።

መምህሩ «ካርድ ከመንካትሽ በፊት ማሽኑን ሆነሽ እያንዳንዱን መስመር በእርሳስ ሥሪው» ብለውኝ ነበር። እሁድን በሙሉ በእርሳስ ስሠራ ዋልኩ። የመጀመሪያዋ መስመር ማሽኑን ምን እንደምታዘው ለመረዳት ብቻ ከቅዳሴ መልስ እስከ ምሳ ፈጀብኝ።

ዛሬ የገዛ ፕሮግራሜን አስገባሁ። አሥራ አንድ ስህተት ታትሞ ወጣ። ወረቀቱን ይዤ ፈዝዤ ስቆም ሰዒድ በአጠገቤ አለፈ። ጥቂት ሄደና ተመለሰ። ጣቱን አንዱ መስመር ላይ አሳርፎ «እዚህ ጋ ነጥብ ረስተሻል» አለኝና መንገዱን ቀጠለ።

ከሐሙስ ወዲህ የተናገረኝ ቃል ይህ ብቻ ነው። ይቅር ብሎኝ ይሁን ወይስ የነጥቧ ነገር አላስችለው ብሎ፣ እሱን አንድዬ ይወቀው።